አለቃ ያላሰማው ድምፅ

ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አስተማሪ ነበርኩ። ተማሪዎቼ ያወጡልኝ ቅጽል ስም «ጸጥታ» ነው፤ የማላውቅ ይመስላቸው ነበር። ገና ኮቴዬ ከኮሪደሩ ሲሰማ «ጸጥታ መጣ!» ይባባሉና ስልሳ ልጅ ባንድ ጊዜ አፉን ይዘጋል። ሌላው አስተማሪ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ሲጮህ፣ እኔ የእንጨት ማስመሪያዬን ጠረጴዛ ላይ አንዴ ቷ! ማድረግ ይበቃኝ ነበር። ልጅ መትቼ አላውቅም። ከሰሌዳው በላይ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚል፣ በራሴ እጅ የጻፍኩት ካርቶን ተሰቅሎ ነበር። ጡረታ ስወጣ ማስመሪያውንም ካርቶኑንም ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ሁሉ ዘመን የቀረኝ ንብረት እሱ ነው።

ያኔ ባለቤቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር፤ ልጄም አግብታ ሄዳለች። ዕድሜ ልኬን ጸጥታ ስፈልግ ኖሬ፣ ሳገኘው ጆሮዬን አሳመመኝ። የእንስሳት መጠለያው ሐኪም የድሮ ተማሪዬ ናት፤ አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝታ ያዘችኝ። መጠለያው ሲሞላባት ውሾቹን ለጥቂት ሳምንታት ሰው ቤት በአደራ ታስቀምጣለች። ባለአደራው ያበላል፣ ያጥባል፣ ያንሸራሽራል፣ ከሰውና ከመኪና ድምፅ ጋር ያለማምዳል፤ ቋሚ ቤት ሲገኝላቸው ያስረክባል።

«ቲቸር፣ ስልሳ ልጅ የገሩ ሰው አንድ ውሻ ያቅትዎታል?» አለችኝ።

እንዲህ ካለችኝ እምቢ እንደማልል ታውቃለች። ተንኮለኛ ነበረች፣ ያኔም ከፊት ወንበር ነው የምትቀመጠው።

በአራት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ውሻ ተቀብዬ አስረክቤአለሁ። አንዷ ባለ ሦስት እግር ነበረች፤ ሁለት ሳምንት ከአልጋዬ ሥር አልወጣም ብላ፣ በደረቴ ተኝቼ በማንኪያ አበላኋት። አንዱ መጥረጊያ ባየ ቁጥር ሽንቱ ያመልጠው ነበር። መጥረጊያውን ሳሎን መሐል አጋድሜ፣ ዙሪያውን የተቀቀለ ጉበት እየበተንኩ፣ በስተመጨረሻ ጭራውን መጥረጊያው ላይ ጥሎ እስኪያንኮራፋ ድረስ አለማመድኩት። ሲሄዱ አላለቅስም። ፀጉራቸውን ከሱሪዬ ላይ ለመልቀም ግን አልቸኩልም።

አሥራ ሁለተኛው አለቃ ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። በመጣ ዕለት ከበሩ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ ማን ገባ ማን ወጣ እያለ፣ ልክ የሚረብሹትን ስም እንደሚጽፍ የክፍል አለቃ ሲጠብቅ ዋለ። ቡኒ ነው፤ አንዱ ጆሮው ቆሞ አንዱ የወደቀ። የተገኘው አሮጌ ብረት ከሚከመርበት ግቢ ነው። እዚያ ከሦስት ውሾች ጋር ተዘግቶበት፣ ባለቤቱ ደስ ባለው ቀን ከአጥር ወዲያ የሚወረውረውን እየተናጠቀ አድጓል። በሰው ላይ ክፋት የለበትም። የሰፈር ልጆች ጆሮውን ሲጎትቱት ዓይኑን ጨፍኖ ይታገሣል። አውቶቡስ ማቆሚያ ይዤው ስቆም፣ ግር ብሎ የሚወርደውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ እያሸተተ ያሳልፋል። ጋዜጣ ሳነብ አገጩን ጫማዬ ላይ ያስቀምጣል፤ እግሬ ቢደነዝዝም አላነቃንቅም። እውነቱን ልናገር፣ ከአሥራ ሁለቱ አብልጬ የወደድኩት እሱን ነው።

ችግሩ ሳህኑ ነበር። ምግብ ፊቱ ሲቀመጥ ሌላ ውሻ ይሆናል። ሦስት እርምጃ ሲቀረኝ ከንፈሩ ይነሣል፤ ከደረቱ ውስጥ ያ ድምፅ ይመጣል፣ ከሩቅ እንደሚሰማ ወፍጮ።

መጠለያው ደግሞ ፈተና አለው። ውሻው እየበላ ሳለ ሐኪሟ በረጅም ዱላ ጫፍ የታሰረ የፕላስቲክ እጅ ሳህኑ ውስጥ ታስገባለች። ዝም ያለ ያልፋል። ያጉረመረመ ወይም የነከሰ ይወድቃል። ሁለት ጊዜ የወደቀ በመርፌ ይሞታል፤ ቦታ የለም፣ ተረኛው ብዙ ነው። አለቃ አንድ ጊዜ ወድቋል።

«ስድስት ሳምንት አለዎት ቲቸር» አለችኝ ሐኪሟ። «እዚህ ላይ ሁሉም ተጽፏል። እንደተጻፈው ብቻ ያድርጉ።»

ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት ሰጠችኝ። እቤት ገብቼ ቀዩን እስክሪብቶዬን አወጣሁና አረምኩት። ልማድ ነው፤ የመድኃኒት መመሪያ እንኳ ሳላርም አላነብም። ብዙ ስህተት ነበረበት። የተጻፈውም ነገር ገባኝ፦ ውሻው ከማያጉረመርምበት ርቀት ላይ ቆመህ ከሳህኑ የሚሻል ቁራሽ ወርውር፤ በየጥቂት ቀኑ ግማሽ እርምጃ ቅረብ፤ እጅ ማለት የሚሰጥ እንጂ የሚቀማ እንዳልሆነ ራሱ ይድረስበት።

ሁለት ሳምንት እንደተጻፈው አደረግኩ። ጠዋትና ማታ፣ ሩዙን ከአጥንት መረቅ ጋር አቅርቤ፣ አራት እርምጃ ርቄ ጉበት እወረውራለሁ። አንድ እርምጃ አሸነፍኩ። አንድ እርምጃ በሁለት ሳምንት! ከሳህኑ እስክደርስ ገና ስድስት ሳምንት ነው፤ የቀረኝ አራት ሳምንት ነው። ደግሞም ተናደድኩ። የማበላው እኔ፣ የሚያጉረመርምብኝ እሱ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል፤ ይሄ የሚጮኸው በሚያበላው ላይ ነው። የዚያን ዕለት ማስመሪያዬን ከመሳቢያ አወጣሁ።

አልመታሁትም። ሳህኑን አስቀምጬ ቀረብኩ፤ ሲያጉረመርም ከጆሮው አጠገብ ወለሉን ቷ! አደረግኩት። ደንግጦ ሲሸሽ ሳህኑን አነሣሁ። ድምፅ ያሰማ፣ እስከሚቀጥለው ድረስ ምግብ የለም። ማታም እንዲሁ። በማግስቱም እንዲሁ። ዝም ያለ ቀን ግን ሙሉ ሳህን፣ ላዩ ላይ ጉበት። በዘጠነኛው ቀን ሳህኑ ውስጥ እጄን ከትቼ ሩዙን ሳማስል ድምፅ አላወጣም። ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይልና እጄን እስካወጣ ይጠብቃል። ኩራት ተሰማኝ፤ እጄ ገና ሙያውን አልረሳም አልኩ።

ምልክቱን ሳላይ ቀርቼ አይደለም። ወደ ኋላ ሲል ጀርባው እንደ ጣውላ ይደርቃል። ጭራው አይንቀሳቀስም። የዓይኑ ነጭ ከጥጉ ይታያል። እጄን ሳወጣ ሳያኝክ ይውጣል። ይህን ሁሉ አየሁ፤ ሥርዓት መስሎኝ አየሁት። ስልሳ ልጅ ፊቴ ሲቀመጥም እንደዚያው ነበር የሚመስለው።

ልጄ እሑድ እሑድ ሁለት ዓመት የሞላውን የልጅ ልጄን ይዛ ትመጣለች። እነሱ ሲመጡ አለቃን ጓሮ አስረዋለሁ። አንድ እሑድ ሕፃኑ ሲተኛ «ነይ የሠራሁትን ተአምር እዪ» ብዬ ጠራኋትና ሳህኑ ውስጥ እጄን ከተትኩ። አለቃ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ደርቆ ቆመ። ልጄ ጎንበስ ብላ አየችው።

«አባዬ፣ ይሄ ውሻ እንደ እማዬ ሆነ እኮ» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ምንም» ብላ ወደ ቤት ገባች።

ምን ማለቷ እንደሆነ አውቅ ነበር። ባለቤቴ አንድ ቀን ምሳ ላይ «ጎኔን ይወጋኛል» አለችኝ። «ምግብ ላይ ስለ በሽታ አይወራም» አልኳት። ሁለተኛ አላወራችም። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ስንሄድ፣ ሐኪሙ «ይህን ያህል ጊዜ እንዴት ዝም አላችሁ?» ብሎ እኔን ነው ያየው። ልጄ እዚያ ነበረች። ያን እሑድ በእሷ ተናድጄ፣ ሲሄዱ ከበር ሳልሸኛቸው ቀረሁ።

በስድስተኛው ሳምንት አለቃ ተፈተነ። የመጠለያው ክፍል ነጭ ሴራሚክ ነው፤ መድኃኒትና እርጥብ ውሻ ይሸታል። ሐኪሟ የፕላስቲኩን እጅ ወደ ሳህኑ አወረደች። እኔ መስታወቱ ኋላ ቆሜ አያለሁ። አለቃ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ዝም። ደግማ አስገባች። ዝም። ሦስተኛ ጊዜ ሳህኑን በፕላስቲኩ እጅ ጎተተችው። ዝም።

ሐኪሟ እየሮጠች ወጥታ አቀፈችኝ። «ቲቸር! ምን አድርገው ነው?»

«ትዕግሥት» አልኳት። «ትዕግሥት ነው እንጂ ሌላ ምን አለው።»

የወሰደችው ዳቦ ጋጋሪዋ ናት። ሱቋ ከቤቴ ሁለት መታጠፊያ ነው። ሰፈሩ «እትዬ ሙቀት» ይላታል፤ በብርድ ቀን ዳቦ የማይገዛውም ምድጃዋ አጠገብ ቆሞ ይሞቃል፣ ማንንም አታስወጣም። በነዚያ ስድስት ሳምንታት ጠዋት ጠዋት አለቃን ይዤ ዳቦ ስገዛ፣ ከበሩ ውጭ ቁጢጥ ብሎ ይጠብቀኛል፤ እሷ የቅርፊት ቁራሽ ትወረውርለታለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅ የላትም፤ ከሱቁ ኋላ ባለችው አንድ ክፍል ብቻዋን ነው የምትኖረው።

«ጋሼ፣ ይሄንን ልጅ ለሌላ ሰው ሰጥተው እንዳላይ» ትለኝ ነበር።

በወሰደችው ቀን ሳህኑንም ሰጠኋት። «እጅሽን ብትከቺበት እንኳ ቃል አይተነፍስም» አልኳት። እንዲህ ነው ያልኳት፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

ዘጠኝ ሳምንት አብረው ኖሩ። ጠዋት ስሄድ ከምድጃው ሥር ተጋድሞ፣ አፍንጫው ላይ ዱቄት ተነስንሶበት አገኘዋለሁ። እሷም ከእሱ ጋር ማውራት ለምዳ ነበር። ደንበኛ ፊት ሁሉ «አንተ ሰነፍ፣ ተነሥና ሊጡን እርዳኝ» ትለዋለች። ደስ ይለኝ ነበር፤ ትንሽም እቀና ነበር።

በዘጠነኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ሱቁ ዝግ ሆነብኝ። ጎረቤቷ ሰዓት ጠጋኙ ነው የነገረኝ፤ «ነከሳት እኮ» አለኝ፣ «እጇን።»

ሐኪም ቤት አገኘኋት። ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ ተጠቅልሏል። የሊጥ መቁረጫዋ ከጠረጴዛ ላይ ወድቆ፣ እየበላ ካለበት ሳህን አጠገብ አረፈ። ጎንበስ ብላ ልታነሣ እጇን ዘረጋች። የሁለቱ ጣቶቿ ጅማት ተበጥሷል፤ ሐኪሙ እንዳላት ከሆነ አውራ ጣቷም እንደ ድሮው አይጨብጥም። ጋጋሪ ናት። በእጇ ነው የምትኖረው።

«ምን አድርጌው ነው ጋሼ?» አለችኝ። «እኔኮ ውሻ አውቃለሁ። አባቴ ቤት ከውሻ ጋር ነው ያደግነው። ውሻ መጀመሪያ ያጉረመርማል፤ ያኔ ሰው እጁን ይሰበስባል። ይሄ ድምፅ እንኳን አላሰማም። ዝም ብሎ... ዝም ብሎ ነው የነከሰኝ።»

አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ሰው ዝም ያሰኘሁ ሰው፣ ተራው የእኔ ሆነ።

«ለመጠለያዋ ሐኪም ግን አጉረምርሞብኝ ነበር ብያታለሁ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አስጠንቅቆሽ ነበር ወይ ብላ ስትጠይቀኝ ነገሩ ገባኝ። አላስጠነቀቀም ካልኩ ሊገድሉት ነው። እኔ ነኝ ያልሰማሁት አልኳት። ምን ላድርግ? አይንገሩብኝ።»

«አልናገርም» አልኳት።

አለቃ ለአሥር ቀን መጠለያው ውስጥ ለብቻው ተዘጋበት፤ የነከሰ ውሻ በሽታ እንዳይኖርበት እንደዚያ ይጠበቃል። በስምንተኛው ቀን ልጠይቀው ሄድኩ። በሽቦው መሐል አፍንጫውን አውጥቶ ጣቴን ላሰኝ። ሐኪሟ ደስ ብሏት ነው ያገኘችኝ።

«ቦታ አገኘሁለት ቲቸር። ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ የችግኝ ጣቢያ ጥበቃ ሊወስደው ነው። ሰውየው ውሻ ያውቃል፣ ግቢው ሰፊ ነው። ሦስት ልጆች አሉት፤ ግን አለቃ አስጠንቅቆ የሚነክስ ውሻ ስለሆነ ችግር የለም። ሲያጉረመርም እንዳትቀርቡት ብዬ ልጆቹን ራሴ አስተምራቸዋለሁ።»

«ስንት ዓመታቸው ነው?» አልኳት።

«ትልቁ ሰባት።»

እቤት ገብቼ መሳቢያዬን ሁሉ ገለበጥኩ። ያቺን ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት አገኘኋት። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከመጨረሻው በላይ ባለው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ውሻው ሲያጉረመርም በፍጹም አይቅጡት። ማጉረምረም ጥፋት ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው፤ ማስጠንቀቂያው የተወሰደበት ውሻ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል።» «ማስጠንቀቂያ» የሚለው ላይ አንድ ፊደል ተገድፎ ኖሮ፣ በቀይ አስገብቼበታለሁ። አጠገቡ ትክክል የሚል ምልክትም አድርጌአለሁ። ቃሉን አርሜ፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳላነበው አለፍኩ። አይ፣ ዋሸሁ። አንብቤዋለሁ። ይህቺ ልጅ እኔን ልታስተምረኝ ነው ብዬ ነው ያለፍኩት።

ቀኑን ሙሉ ራሴን ስሞግት ዋልኩ። ዝም ብል አለቃ ይኖራል። ጥበቃው ይጠነቀቅ ይሆናል። ልጆቹ ሳህኑ አጠገብ አይደርሱ ይሆናል። እኔ ልውሰደው ብል ደግሞ... እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። እጄን አየሁት፤ በስልሳ አምስት ዓመቱ ያረጀ እጅ ነው፣ ግን እጄ ነው። የእሷን እጅ አሳልፎ የሰጠ ሰው ለራሱ ሲሳሳ ማየት ያስጠላል። የሰባት ዓመቱ ልጅ ታናናሾቹን እየጠራ፣ ሳህኑ አጠገብ የተንከባለለች ኳስ ሲያነሣ ታየኝ። ሲያጉረመርም እንዳትቀርቡ ተብለዋል። አያጉረመርምም። ስለዚህ ይቀርባሉ።

በማግስቱ ወረቀቷን ይዤ ዳቦ ቤት ሄድኩ። «ለጊዜው ዝግ ነው» የሚል በግራ እጅ የተጻፈ ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፏል። ውስጥ ምድጃው ቀዝቅዞ፣ እሷ የዱቄት ከረጢት ላይ ተቀምጣለች። ሱቁን ቀዝቅዞ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ሁሉንም ነገርኳት። ማስመሪያውን፣ ሳህኑን ማንሣቴን፣ ዘጠኙን ቀን። ያቺን መስመር አነበብኩላት።

ዓይኗን ከቀዘቀዘው ምድጃ ላይ አላነሣችም።

«አሥር ቀን ሙሉ ምን በደልኩት እያልኩ ራሴን ስበላ ነበር» አለች በመጨረሻ። «እሱን አንድም ቀን አልተቀየምኩትም። አንተ ግን ሐኪም ቤት ድረስ መጥተህ፣ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጠህ፣ ምን አድርጌው ነው ስልህ ዝም አልከኝ።»

እስከዚያች ቀን «አንተ» ብላኝ አታውቅም።

«ይቅርታ» አልኩ።

«ምን ያደርግልኛል?» የተጠቀለለ እጇን አነሣችና መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ልጆች አሉበት ነው ያልከው?»

«ሦስት።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። «በል ሂድና ንገራት። እኔም መዋሸቴን ንገራት፣ እኔን አትደብቀኝ። ተመልሰህ ግን እዚህ አትምጣ።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። እኔም ሄጄ ጮኽኩ። ሐኪሟ ወረቀቷን ተቀብላ፣ ቀዩን ምልክቴን አየችው። የድሮ ተማሪዬ ናት፤ ያንን ቀለም ታውቀዋለች።

«ትዕግሥት ነበር ያሉኝ» አለች።

«አዎ።»

«ቲቸር፣ ለሚያጉረመርም ውሻ እኮ ቤት ማግኘት ይቻላል። ሰው ይጠነቀቀዋል። ይሄንን ግን ለማን ብዬ ልስጠው? ምን ብዬ?»

«እንደገና ይማር። እንደ ወረቀቱ...»

«የተወሰደበት ድምፅ ይመለስ አይመለስ ማንም ማረጋገጫ አይሰጠኝም። የማን እጅ ላይ ልሞክረው?»

«እኔ ልውሰደው» አልኩ።

ቀና ብላ እጄን አየችው። ወዲያው ኪሴ ከተትኩት። «እሑድ እሑድ የልጅ ልጅዎ ይመጣ የለ?» አለችኝ፤ ለስለስ ብላ ነው ያለችው። ሳላምንበት እንደተናገርኩ ገብቷታል፤ እኔም ገብቶኛል። «እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም» አለች ፊቷን አዙራ። «ዝም ያለ ያልፋል ብዬ ፈተናውን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

መርፌው ለነገ ተባለ። እኔው ላብላው ብዬ ለመንኳት፤ እሺ አለችኝ።

ጠዋት ጉበት ቀቀልኩ። ሩዝ አልጨመርኩበትም፤ ጉበት ብቻ። ሐኪሟ አለቃን ወደዚያች ነጭ ክፍል አመጣችልኝና በሩን ዘግታ ወጣች። ሲያየኝ የወደቀው ጆሮው ሳይቀር ተነሣ። አገጩን ጫማዬ ላይ አደረገ። ትንሽ ቆየን። ከዚያ ሳህኑን አስቀመጥኩለት።

መብላት ሲጀምር አጠገቡ ተንበረከክኩ። እጄን ወደ ሳህኑ ዘረጋሁ።

«አጉረምርም» አልኩት። «አጉረምርም ልጄ። ዛሬ አልቆጣህም። እንደ ድሮህ ጩኽብኝ።»

ምን አስቤ እንደሆነ አላውቅም። አንዴ ብቻ ቢያጉረመርም፣ ሐኪሟን ጠርቼ «ይኸው፣ ተመለሰለት» እላታለሁ ብዬ ይሆናል። ወይም ብቻ ልሰማው ፈልጌ ይሆናል። ጀርባው ደረቀ። የዓይኑ ነጭ ታየኝ። ቢነክሰኝ አልከለክለውም ነበር። ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አለና ምግቡን ለእኔ ትቶ ቆመ። ልክ እንዳስተማርኩት።

እጄን ሰበሰብኩ። ወደ ግድግዳው ሸሸሁ፤ አሁንም አልቀረበም። በሩ ድረስ ሄድኩ፤ ሳህኑን አይቶ፣ እኔን አይቶ፣ ቆመ። ወጥቼ ዘጋሁለት። ኮሪደሩ ላይ ግንባሬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ አለቀስኩ፤ ለባለቤቴም እንደዚያ አላለቀስኩም። ሐኪሟ በመስታወቱ እያየችው ነበር።

«እየበላ ነው» አለችኝ። ቆይታም «ጨረሰ» አለች።

መርፌውን ይዛ ገባች። ተከትዬ ገብቼ አንገቱን አቀፍኩት። መርፌው ሲገባ ሰውነቱ አንዴ ጭብጥ አለ። ድምፅ አላሰማም።